ይበቃቸዋል

ቅኔ ቤት ያደገ ሰው ተራ ንግግር መስማት ይቸግረዋል። «ደህና አደርህ?» ሲሉት «ደህና ማደሬ ምነው አስገረማቸው?» ብሎ ያስባል። «ብላ እንጂ» ሲሉት «ሆዳም ነህ ማለታቸው ነው» ይላል። እኔ እንዲህ ዓይነት ሰው ነኝ። ሰው ሲያመሰግነኝ እንኳ ከምስጋናው ሥር የተቀበረ ስድብ ካላገኘሁ እንቅልፍ አይወስደኝም። ይህ ጠባዬ አንድ ቅዳሜ ቀን ደብረ ማርቆስ ላይ አባቴን ሊያሳጣኝ፣ ከአባቴም ጋር የማላውቃቸውን ሰዎች ሊያስጨርሰኝ ለጥቂት ነው የተረፍሁት። የሆነውን ከመጀመሪያው ልንገራችሁ።

አባቴ የኔታ አድማሱ ይባላሉ። ዲማ አካባቢ ቅኔ ሲያስተምሩ ነው የሸመገሉት። እኔም በልጅነቴ ከተማሪዎቻቸው ጋር ተቀምጬ ተምሬአለሁ። ቅኔ ቤት ውስጥ ቃል ብቻውን አይመጣም፤ ጓደኛ አስከትሎ ነው የሚመጣው። ላይ ላዩን የሚሰማው ሰም ነው፣ ውስጡ የተደበቀው ወርቅ ነው፣ ሁለቱን ፍቺ በአንድ ጀርባ የተሸከመችው ቃል ደግሞ ኅብር ትባላለች። አባቴ መቋሚያቸውን መሬት ላይ እየወጉ «ወርቁ የታለ? ወርቁን አምጣ!» ሲሉኝ ነው ያደግሁት። ቅኔውን ሳልዘልቀው ከተማ ገብቼ ብየዳ ተማርሁ። ግሱንም ዜማውንም ረሳሁት፤ ወርቅ ፍለጋው ግን አብሮኝ ቀረ።

አሁን የራሴ ብየዳ ቤት አለኝ። በርና መስኮት እሠራለሁ፣ የጭነት መኪና ስፖንዳ እጠግናለሁ። ወፍራም ብረት የምቆርጠው በኦክስጅን ስለሆነ ኦክስጅን ለእኔ የሆስፒታል ነገር አይደለም፤ የሥራ ባልደረባዬ ነው። ጠባዩን አውቃለሁ። ሲያንስ እሳቱ ጥላሸት ያወጣል፤ ሲበዛ ደግሞ ብረቱን ራሱን ያቃጥለዋል፣ የተበየደው ቦታም ተሰባሪ ይሆናል። ከሁሉ በላይ ቅባት አይወድም። ሲሊንደር ውስጥ የታመቀ ኦክስጅን ዘይት ወይም ስብ ካገኘ ክብሪት ሳይጫር ይነድዳል። አብረውኝ የሚሠሩትን ሁልጊዜ የምጨቀጭቃቸውም በዚህ ነው። «ቅባት በነካው እጅ ያንን ቫልቭ የነካ ከእኔ ጋር አይውልም» እላቸዋለሁ።

ያን ሰሞን አባቴ ዓይናቸውን ሊታዩ ከታላቅ እህቴ ከውዴ ጋር መጥተው እኔ ቤት ሰንብተው ነበር። ውዴ እሳቸውን እየጦረች እዚያው ዲማ የምትኖር ናት። ቅዳሜ ጠዋት አባቴ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጠው ጋቢያቸውን እንደተከናነቡ፣

«ስማቸው፣ ደረቴ ላይ ማነው የተቀመጠው?» አሉኝ በስሜ ጠርተው።

እኔም እንደ ልማዴ ወርቁን ፈለግሁ። ትናንት ማታ ከውዴ ጋር የተጨቃጨቅነውን ሰምተው ሊነኩኝ መሰለኝና «ማንም አልተቀመጠብዎትም አባቴ፣ እኛ ታርቀናል» አልኋቸው። ቀና ብለው ሲያዩኝ ግንባራቸው ላይ ላብ ችፍ ብሏል። ፊታቸው አመድ መስሏል። ቅኔ አልነበረም። ደረታቸውን እየተጫናቸው ነበር።

መጀመሪያ የጠረጠርሁት ትናንት የበላንበትን የዘመድ ቤት ነው። እግዜር ይቅር ይበለኝ፣ ባጃጅ ጠርቼ ወደ ሆስፒታል ስንበር እንኳ ማን ወጡን እንደጨለፈ፣ ማን እንዳቀረበ በልቤ እየመረመርሁ ነበር።

ድንገተኛ ክፍል ስንደርስ አንዲት ልጅ እግር ዶክተር ተቀበለችን። አባቴ በዚያ ጭንቅ ውስጥ ሆነው «ስምሽ ማነው ልጄ?» አሏት።

«ትዕግሥት እባላለሁ የኔታ።»

«ጎሽ፤ የጎደለኝ አንቺ ነበርሽ» አሉና ዓይናቸውን ጨፈኑ።

ደረታቸው ላይ ገመድ ለጣጥፋ ልባቸውን በወረቀት አስነበበች። የሚታኘክ ኪኒን ሰጠቻቸው፣ መርፌ ወጋቻቸው። ነርሷ አንዲት ትንሽ መለኪያ ጣታቸው ላይ ሰክታ ቁጥሩ ዝቅ አለባትና ከአልጋው ራስጌ ካለው ሲሊንደር ጭምብል ስባ አፍና አፍንጫቸው ላይ አደረገችላቸው። «እጃቸው በረዶ ነው፤ አሙቁላቸው» አለችን።

ውዴ ጭምብሉን ስታይ ነጠላዋን አፏ ላይ ጎሰጎሰች።

«ኧረ ወንድሜ፣ አባቴ አለቁ! ኦክስጅን የተሰካለት ሰው ቤቱ ሲመለስ አይተህ ታውቃለህ?»

«ዝም በይ! ኦክስጅን ምን ያደርጋል? እኔ ስንት ዓመት አብሬው እየዋልሁ አልሞትሁ» አልኋት። የሆስፒታሉ ሲሊንደር ከእኔው ጋር ወንድማማች ይመስል ነበር። እሱን ሳይ፣ እውነቴን ነው፣ ዘመድ ያገኘሁ ያህል ተረጋጋሁ።

ዶክተር ትዕግሥት ወደ በሩ ሳብ አድርጋ ነገረችኝ። «ለልባቸው ደም የሚያደርሰው ሥር ተዘግቷል። ደም ያልደረሰው የልባቸው ጡንቻ እየሞተ ነው። የምንችለውን መድኃኒት ሰጥተናል። ሥሩ እንዲከፈት አዲስ አበባ መሄድ አለባቸው። ትንሽ ይረጋጉና አምቡላንስ እጠይቃለሁ።»

አዲስ አበባ! የዓባይን በረሃ ወርደው ወጥተው፣ በዚያ ልብ! ወዲያው ጠረጠርሁ። «ሪፈር» ሲባል እኛ ሰፈር ምን ማለት እንደሆነ ታውቁታላችሁ። ሰውዬው እጃቸው ላይ እንዳይሞት፣ መንገድ ላይ ይሙት ማለት ነው። ለእሷ «እሺ» አልሁ፤ በሆዴ ግን እሺ አላልሁም።

ኮሪደሩ ላይ ቆሜ ስልኬን አወጣሁና «ልብ፣ ጡንቻ፣ መሞት» እያልሁ ፈለግሁ። አንድ የጤና ገጽ ላይ፣ ልቡ በድንገት ለተመታ ሰው በኦክስጅን የተደረገ አዲስ ሕክምና የሚሞተውን የልብ ጡንቻ ይቀንሳል የሚል አገኘሁ። ከሥሩ ረጅም ጽሑፍ ነበረው፤ አላነበብሁትም። የምፈልገውን አግኝቻለሁ። አባቴን የሚያድነው ያ ጭምብል ነው አልሁ። ገብቼ አየሁት፤ ፉጨቱን ሰማሁት። ውዴ ከመቀነቷ ቅቤ አውጥታ እጅ እግራቸውን እያሸች ታሞቃቸዋለች። እጃቸውም እየሞቀ መጣ።

ነገሩ የተበላሸው አንድ ኮት የለበሰ ሰውዬ ሲመጣ ነው።

ከአምበር በኩል አሮጊት እናቱን ይዞ መጥቶ ደግፏቸው ገባ። በፒክአፕ ነው ያመጣቸው፤ ቁልፉ ጣቱ ላይ ይንጠለጠላል። እናቱን ከአባቴ ቀጥሎ ባለው አልጋ አስተኟቸው። ዶክተር ትዕግሥት መጣችና ሰውየውን ስታይ ፊቷ በራ።

«አንቺ ልጅ! ዶክተር ሆነሽ አገኘሁሽ?» አላት።

አጎንብሳ ትከሻውን ሳመችው። እኔ ይህን ሁሉ በዓይኔ ጫፍ እያየሁ ነው። ከዚያ እናቱን መረመረች፤ ዞር ብላ ደግሞ የአባቴን ጣት ይዛ መለኪያዋን አየች፤ ጭምብሉን አውልቃ ጥቂት ጠብቃ እንደገና አየች። ከዚያ ለነርሷ እንዲህ አለቻት፣

«ሲስተር፣ ኦክስጅኑን አንሺውና ለእማማ አድርጊላቸው። የኔታ ይበቃቸዋል።»

ይበቃቸዋል!

አንባቢ ሆይ፣ እስቲ ፍረደኝ። እኔ የየኔታ አድማሱ ልጅ ይህን ቃል ሰምቼ ዝም ልበል? ሰሙ ግልጽ ነው፤ ያለው ይበቃል። ወርቁስ? ወርቁ የሽማግሌ ዕድሜ ነው። ይበቃቸዋል፤ ኖረዋል፤ ከዚህ በላይ ምን ያደርግላቸዋል? «በቃ» ማለት እኮ ማለቅም ነው። እንዲህ ያለች ጥሩ ኅብር ቅኔ ቤት ብትነገር አባቴ «ተቀኝቷል!» ብለው ያጨበጭቡ ነበር። ሲሊንደሯ አባቴን ትታ፣ ጎማዋ እየጮኸ፣ ወደ ባለ ኮቱ እናት ስትሄድ አየኋት። አያያዙን አይቶ ጭብጦውን ቀማው ማለት ይህ ነው። ከገጠር የመጡ የቅኔ መምህርና እጁ ጥላሸት የጠገበ በያጅ ምን ያመጣሉ ብለው ነው አልሁ።

ነርሷን ተከተልኋት። «ሲስተር፣ የአባቴ ኦክስጅን ለምን ተነሣ?»

«ዶክተር ይበቃቸዋል ብለዋል እኮ።»

«ምኑ ነው የሚበቃቸው?»

«አየሩ ነዋ!» ብላ ወደ ሌላ በሽተኛ ሮጠች። እሷም የተማከረች መሰለችኝ።

ውዴ ግን ፊቷ ፈክቷል። «ተመስገን! ነቀሉላቸው፤ ይተርፋሉ ማለት ነው» አለች።

«አንቺ ምን ገብቶሽ! ዶሮን ሲያታልሏት በመጫኛ ጣሏት ሲባል አልሰማሽም? ተስፋ ቆርጠውባቸው ነው። አሁን ደግሞ ወደ አዲስ አበባ ይሸኟቸዋል፤ በረሃው ላይ እንዲቀሩላቸው።»

የውዴ ፊት እንደገና ጠቆረ። «ታዲያ ምን ይሻላል?»

ለምን ዶክተሯን ራሷን አልጠየቅኋትም? በኋላ ብዙ ሰው ጠይቆኛል። ተጠራጣሪ ሰው አይጠይቅም። ቢጠይቅ የሚመልሱለትን መቼ ያምናል? «እኔ አውቃለሁ ምን እንደሚሻል» አልኋትና ወጣሁ።

ብየዳ ቤቴ ስደርስ ልጆቹ ሥራ ላይ ነበሩ። ምንም ሳልነግራቸው ያልተከፈተውን የኦክስጅን ሲሊንደር ከነመቆጣጠሪያው አስጭኜ፣ ባጃጁ ኋላ ላይ እንደ በሽተኛ አቅፌው ተመለስሁ። ባጃጅ ነጂው በመስታወቱ እያየኝ «ይሄ ነገር አይፈነዳም?» አለ። «ከያዙት አይፈነዳም» አልሁት። እውነቴን ነበር።

በሩ ላይ ሸምገል ያሉ ጥበቃ አስቆሙኝ።

«ምንድን ነው?»

«ኦክስጅን ነው ጋሼ።»

«ለየትኛው ክፍል?»

«ለድንገተኛ።»

«እግዜር ይስጥህ፤ ግባ ግባ!» ብለው በሩን ወለል አድርገው ከፈቱልኝ፤ ሲሊንደሩን ሳወርድም አገዙኝ። ያመኑት ፈረስ ይጥላል በደንደስ ይባላል፤ ያን ቀን ፈረሱ እኔ ነበርሁ። እሳቸው የእኔን ሩብ ያህል ቢጠራጠሩ ኖሮ ነገሩ እዚያው በር ላይ ያበቃ ነበር።

ሲሊንደሩን እያንከባለልሁ ወደ አባቴ አልጋ ደረስሁ። በአጋጣሚ ነርሷም ዶክተሯም ጥግ ላይ ባለ ሌላ በሽተኛ ተይዘዋል። አባቴ ዓይናቸውን ገለጥ አድርገው ሲሊንደሩን ከላይ እስከ ታች አዩት።

«ይህ ምንድን ነው?»

«ኦክስጅን ነው አባቴ። የእርስዎን ስለወሰዱብዎ ነው።»

«ከየት አመጣኸው?»

«ከብየዳ ቤቴ።»

«ልትበይደኝ ነው?» አሉ።

ውዴ በሳቅና በለቅሶ መካከል ተንፈቀፈቀች። እኔ ግን አልሳቅሁም። ትራሱ አጠገብ የቀረውን ጭምብልና ላስቲኩን ቀድሜ አይቼው ስለነበር ከመቆጣጠሪያው አፍ ጋር በምን እንደማያይዘው እያሰላሁ ነው። «ቀና አድርጉኝ» አሉ አባቴ፤ በብብታቸውና በክንዳቸው ይዤ ቀና አደረግኋቸው፤ ትራሳቸውን አመቻቸሁ። ከዚያ ዞር ብዬ እጄን ቫልቩ ላይ አደረግሁ።

ልከፍተው ጣቴን ሳጠብቅ እጄ አዳለጠኝ።

ቅቤ ሸተተኝ። መዳፌን አየሁት፤ ያብረቀርቃል። ውዴ አባቴን እጅ እግራቸውን ብቻ ሳይሆን ክንዳቸውን እስከ ትከሻቸው አሽታቸው ኖሯል። የአባቴ ክንድ ቅቤ፣ የእኔ እጅ ቅቤ፣ የቫልቩ አንገት ቅቤ። አጠገቤ ደግሞ በዚያኛው ኦክስጅን የሚተነፍሱ አሮጊት፤ ከእሳቸው ማዶ ሌሎች። ስንት ዓመት «ቅባት በነካው እጅ!» እያልሁ የጮኽሁበት ቫልቭ፣ ከአባቴ ራስ አንድ ክንድ ርቀት ላይ፣ በቅቤ እጄ ሥር ነበር። እጄን ቀስ ብዬ አነሣሁ። ማንም ሳይነግረኝ በሸሚዜ ጫፍ ቫልቩን መጥረግ ጀመርሁ፤ እየጠረግሁ እንደ ሕፃን እንባዬ ይወርዳል።

«ያንን ነገር ይተዉት። ፈቀቅ ይበሉ።»

ዶክተር ትዕግሥት ከኋላዬ ቆማለች። ድምፅዋ ከፍ አላለም፤ ፊቷ ግን ነጥቷል። ነርሷም ደርሳ ሲሊንደሩን ይዛ በሩ ድረስ ወሰደችው። ያን ጊዜ ነው ፍርሃቴም ንዴቴም አብረው የፈነዱት።

«ይበቃቸዋል ማለት ምን ማለት ነው?» ብዬ ጮኽሁ።

«ምን አሉኝ?»

«የኔታ ይበቃቸዋል ብለሻል! ምን ማለትሽ ነው?»

ግራ ገብቷት አየችኝ። «ይበቃቸዋል ማለት… ይበቃቸዋል ማለት ነዋ!»

ባለ ኮቱ ሰውዬ ከእናቱ አልጋ ተነሣ። ሊጣላኝ ነው ብዬ ተዘጋጀሁ። እሱ ግን «ዶክተር፣ የእኚህን አባት ኦክስጅን ነው እንዴ ለእናቴ ያደረግሽው? ከሆነ መልሺላቸው፤ እኛ ሌላ እስኪመጣ እንጠብቃለን» አለ። እናቱን የዚያን ጊዜ ነው በደንብ ያየኋቸው። ከንፈራቸው ጠቁሯል፤ አንገታቸው በየትንፋሹ ይሰረጉዳል። ሰውዬው እኚህን እናት ይዞ ነበር «መልሺላቸው» የሚለው።

ዶክተር ትዕግሥት ያችን ትንሽ መለኪያ አምጥታ መጀመሪያ የቅቤ ጣቴን በጨርቅ ጠርጋ በእኔ ላይ ሰካችው።

«ያንብቡት።»

«ዘጠና አራት።»

ከጣቴ ነቅላ በአባቴ ጣት ሰካችው።

«ዘጠና አምስት» አልሁ።

«አሁን ከሁለታችሁ ኦክስጅን የሚያስፈልገው ማነው? ጠዋት ቁጥራቸው ዝቅ ያለው እጃቸው ቀዝቅዞ ነው። እስኪሞቁ አደረግንላቸው፤ ሞቁ፤ አሁን በራሳቸው ትንፋሽ ይበቃቸዋል። እማማ ግን ሳንባቸው ታሟል፤ በራሳቸው ትንፋሽ አይበቃቸውም።»

«ልባቸው እየሞተ ነው አላልሽኝም?» ስልኬን አወጣሁ። «ኦክስጅን የሚሞተውን ጡንቻ ያተርፋል ይላል፤ ይኸው!»

ስልኩን ተቀብላ እኔ ወዳላነበብሁት ወረደች። ቀስ ብላ አነበበችው፤ ጊዜ ያላት ይመስል።

«እውነት ነው፤ አለ» አለች። «ግን መጀመሪያ የተዘጋውን ሥር በቀጭን ቱቦ ገብተው ይከፍቱታል። ከዚያ የበሽተኛውን የራሱን ደም ወስደው በኦክስጅን በጣም አጥግበው፣ በቱቦው ቀጥታ ወደ ተጎዳው የልብ ክፍል ይመልሱታል። ለሁሉም ሰው የሚሆን አይደለም፤ እኛ አገርም መኖሩን አልሰማሁም። አፍንጫ ላይ የሚደረገው ያን ሥራ አይሠራም። የአባትዎ ደም ኦክስጅን ሞልቶታል፤ የጠፋው መንገዱ ነው። መንገድ በናዳ ተዘግቶ ሳለ ጎተራው ላይ እህል ቢጨምሩበት ከናዳው ማዶ ያለው ሰው ይጠግባል?»

ስልኬን ተቀብዬ ኪሴ ከተትሁት።

«ደግሞ ለማያስፈልገው ሰው ሲበዛ አይጠቅምም። ሥሮቹን አጥብቦ ልብን ሊጎዳ ይችላል።»

ይህንን እኔ ነበርሁ ማወቅ የነበረብኝ። ሲበዛ ብረቱን ይበላዋል። በየቀኑ በዓይኔ የማየው ነገር ነው። ሲሊንደሩን ሳቅፈው አስታወስሁት? አላስታወስሁትም። ጥርጣሬ አእምሮዬን ሲሞላው ለሙያዬ እንኳ ቦታ አልተወለትም ነበር።

ትንሽ ተንፍሼ፣ አፍሬም ሳልጨርስ፣ አንድ የቀረችኝን ጥርጣሬ አወጣኋት። «ያ ሰውዬ ግን ዘመድሽ ነው አይደል?»

«መምህሬ ነው። ፊዚክስ አስተምሮኛል» አለች፤ ምንም ሳትደብቅ። «ባያስተምረኝም እናቱ ኦክስጅን ያገኙ ነበር።»

አባቴ ይህን ሁሉ ዓይናቸውን ጨፍነው ሲሰሙ ቆይተው እጃቸውን አነሡ።

«ልጄ፣ አዲስ አበባ ብሄድ እድናለሁ?»

«አላውቅም የኔታ። ከቀሩ ግን ልብዎ ይበልጥ ይጎዳል። እሱን አውቃለሁ።»

«መንገዱ ላይ ብሞትስ?»

«ሊሆን ይችላል። ሲስተር አብራዎት ትሄዳለች።»

አባቴ ወደ እኔ ዞሩ። «ስማቸው፣ ይህች ልጅ ቅኔ አታውቅም» አሉ። «እንሂድ።»

አምቡላንሱ ሲቀርብ እኔ ሲሊንደሬን ለባጃጅ ላስረክብ በሩ ላይ ወጣሁ። ጥበቃው ሲያዩኝ ደነገጡ።

«እንዴ! ሳይገለገሉበት መለሱልህ?»

«ይበቃቸዋል አሉኝ ጋሼ» አልሁ።

መንገዱን እንዴት እንደተጓዝን አልተርክላችሁም፤ እኔም እንደ ሰው አላየሁትም። ደጀንን አልፈን በረሃውን ስንወርድ ሙቀቱ በመስኮቱ ሲገባ፣ ዳገቱን ስንወጣ ሞተሩ ሲያቃስት፣ ዓይኔ የአባቴ ጣት ላይ ነበር። አምቡላንሱ ውስጥም ሲሊንደር አለ፤ ተዘግቷል። ነርሷ ቁጥሩን እያየች ትዘጋዋለች፤ እኔም ቁጥሩን እያየሁ ዝም እላለሁ። አንድ ጊዜ ዝቅ ሲል ገና አፌን ሳልከፍት ከፈተችላቸው፤ ሲመለስ ደግሞ ዘጋችው። «ለምን ዘጋሽው?» አላልኋትም። «አሁን በቂ ነው?» አልኋት። «በቂ ነው» አለችኝ። በሕይወቴ ለመጀመሪያ ጊዜ ጠይቄ የተመለሰልኝን አመንሁ።

አዲስ አበባ ሥሩን ከፈቱላቸው። ከልባቸው ጡንቻ የሞተው ሞቷል፤ አይመለስም። የቀረው ግን ይመታል። ዛሬ አባቴ ማኅሌት ቆመው አያድሩም፤ ዳገት ላይ ሁለቴ ያርፋሉ። ከበሩ ሥር ወንበር ላይ ተቀምጠው ግን ያስተምራሉ፤ መቋሚያቸውም አሁንም መሬት ይወጋል።

እኔ ጥርጣሬን አልተውሁም፤ አልዋሽም። በዚህ ዘመን ጭራሽ የማይጠራጠር ሰው ባጃጅ ተራ ድረስ እንኳ በሰላም አይደርስም። የተማርሁት ሌላ ነው። ጠርጥራችሁ ዝም አትበሉ። በሆዳችሁ ፍርድ ቤት አቁማችሁ፣ ራሳችሁ ከሳሽ፣ ራሳችሁ ምስክር፣ ራሳችሁ ዳኛ አትሁኑ። «ይህን ለምን አደረግሽው?» የምትል አጭር ጥያቄ አለች፤ ለሐኪም ብትቀርብ አትሞትም፣ አትገድልም። እሷን ሳልጠይቅ ሄጄ ነው ያንን ሲሊንደር ያቀፍሁት። የቅቤው ሽታ እስከ ዛሬ ድረስ ያስደነግጠኛል፤ ቤቴ ቅቤ ሲነጠር ወደ ውጭ እወጣለሁ።

ለአባቴ ያን ቀን በዚያች ቃል ውስጥ ምን ወርቅ እንዳየሁ የነገርኋቸው ብዙ ቆይቶ ለክትትል ደብረ ማርቆስ ይዣቸው ስመለስ ነው። ኮሪደሩ ላይ ተራ እየጠበቅን ነበር። ደረታቸውን ይዘው ሳቁ፤ ውዴ ደንግጣ ነጠላዋን ጣለች።

«ከ‹ይበቃቸዋል› አንተ ሁለት ፍቺ ብቻ አገኘህ? ሦስተኛው የት ሄደ?»

«ሦስተኛ አለው?»

«ኤዲያ! ‹በቃ› ማለት ለክብር ደረሰ፣ ጻድቅ ሆነ ማለት አይደለም? የበቁ አባት ሲባል አልሰማህም?» አሉና መቋሚያቸውን የኮሪደሩ ወለል ላይ ወጉት። «ይህን ሁሉ ዓመት ለፍቼ ይህችን አላገኘሃትም።»

ተራችን ደርሶ ስንገባ ዶክተር ትዕግሥት ተነሥታ ተቀበለችን። አባቴ ከተቀመጡ በኋላ ዓይናቸውን አጥብበው፣ ቅኔ ሊያወርዱ ሲሉ እንደሚያደርጉት፣ ጎሮሮአቸውን ጠረጉ።

«ልጄ፣ ያን ጊዜ ‹የኔታ ይበቃቸዋል› ብለሽ ነበር አሉ። እኔ ግን ራሴን ሳየው ገና ነኝ። አልበቃሁም።»

እኔና ውዴ ተያየን። ዶክተሯ ግን ፊቷ ተለወጠ። ፈጠን ብላ መሳቢያዋን ከፈተች፣ ያችን ትንሽ መለኪያ አወጣች፣ የአባቴን ጣት ይዛ ሰካችው። ቁጥሩ እስኪወጣ አራታችንም መለኪያዋ ላይ አፈጠጥን። አባቴ እንኳ ሳቃቸውን ዋጥ አድርገው እጃቸውን ዘርግተው ጠበቁ።

እሷም ቁጥሩን አይታ ተነፈሰች።

«አይ፣ ይበቃዎታል የኔታ» አለች።